ድምፅን ማጉላትና ቃልን ማድረስ፦ የመማሪያ ክፍል የድምፅ መሣሪያ አጭር ታሪክ

ከመምህሩ አፍ የወጣ ቃል በመጨረሻው ረድፍ ወደተቀመጠው ተማሪ ጆሮ እስኪደርስ ድረስ የሚጓዘው መንገድ እንደ ደንቡ ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ሜትር አይበልጥም። ይህ አጭር መንገድ ጤናማ ጆሮ ላለው ልጅ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። የመስማት ኃይሉ ለተዳከመ ልጅ ግን ዕውቀት በየቀኑ የሚባክንበት ምድረ በዳ ነው። ይህን መንገድ ለማሳጠር የፊዚክስ ሊቃውንት፣ መሐንዲሶችና መምህራን ከመቶ ዓመት በላይ ደክመዋል።

የድካማቸው ታሪክ ሲመረመር አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ችግሩ ለረጅም ጊዜ የድምፅ ማነስ መስሎ ስለታየ፣ መፍትሔውም ድምፅን ማጉላት ብቻ ሆኖ ተገምቶ ነበር። ነገር ግን የጎላ ድምፅ ሁሉ የጠራ ቃል አይደለም። በዚህ መስክ እውነተኛው ዕድገት የተገኘው የመምህሩን ቃል ከጫጫታና ከገደል ማሚቶ ለይቶ ለልጁ የሚያደርስ ዘዴ በተፈለገ ጊዜ ነው። ይህ ልዩነት ዘግይቶ በመታወቁም ዋጋውን የከፈሉት ሕፃናት ናቸው።

የችግሩ ጠባይ

ድምፅ በገላጣ ስፍራ ሲጓዝ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር መጠኑ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በ1 ሜትር ርቀት ላይ 65 ዴሲቤል የሆነ ንግግር በ2 ሜትር 59፣ በ4 ሜትር 53፣ በ8 ሜትር ደግሞ 47 ዴሲቤል ይሆናል ማለት ነው። በክፍል ውስጥ ግን ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው ድምፁን መልሰው ስለሚያንጸባርቁት ከተወሰነ ርቀት በኋላ መጠኑ ይህን ያህል አይወርድም። ነገሩ ጥቅም ቢመስልም ጉዳት አለው፤ ተመላሹ ድምፅ ዘግይቶ ስለሚደርስ የፊተኛው ቃል ጅራት በኋለኛው ቃል ራስ ላይ ይወድቃል።

ከዚህም በላይ በንግግር ውስጥ አብዛኛውን ኃይል የሚሸከሙት አናባቢዎች ናቸው። ትርጉምን በመለየት ረገድ ከፍ ያለ ድርሻ ያላቸው ተነባቢዎች፣ ይልቁንም እንደ ሰና ፈ ያሉት፣ ደካሞች ናቸው። «ፈራ» እና «ሠራ» የሚለያዩት በመጀመሪያው ተነባቢ ብቻ ነው። ይህ ተነባቢ በጫጫታ ሲዋጥ ልጁ ድምፅ መኖሩን ይሰማል፣ የተባለውን ግን አያውቅም።

በልጁ ጆሮ ላይ የሚውለው የመስሚያ መርጃ ይህን ችግር ለብቻው ሊፈታው አይችልም። ማይክሮፎኑ ከልጁ ዘንድ ስለሆነ የመምህሩን ቃል፣ የወንበሩን መንኳኳትና የጎረቤቱን ሹክሹክታ አንድ ላይ ተቀብሎ ያጎላል። በዘርፉ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት ያገኘው መመዘኛ የመምህሩ ድምፅ በልጁ ጆሮ አጠገብ ከጫጫታው በ15 ዴሲቤል እንዲበልጥ ይጠይቃል። ከዚህ በታች የሚተረከው ታሪክ በአጭሩ እነዚህን 15 ዴሲቤሎች የመፈለግ ታሪክ ነው።

ከስልክ እስከ ገደል ማሚቶ ቀመር

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1847 በኤዲንብራ ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በ1871 በቦስተን ከተማ መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። እናቱ የመስማት ችግር የነበረባት ሴት ስትሆን፣ በኋላ ያገባት ሜብል ሀባርድም በሕፃንነቷ ታማ መስማት አቁማ ነበር። ቤል ማርች 7 ቀን 1876 የስልክን ፓተንት አገኘ። ስልኩ መስማት ለተሳናቸው ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ባይሆንም፣ ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ በሽቦ መላክና መልሶ ድምፅ ማድረግ እንደሚቻል ስላሳየ ለኋለኞቹ የመማሪያ ክፍል መሣሪያዎች ሁሉ መሠረት ሆኗል።

ያ ዘመን ሌላም ውርስ ትቷል። በ1880 በኢጣሊያ በሚላኖ ከተማ የተሰበሰበው መስማት የተሳናቸው ልጆች መምህራን ዓለም አቀፍ ጉባኤ፣ በትምህርት ውስጥ ከምልክት ቋንቋ ይልቅ ንግግር እንዲመረጥ በአብላጫ ድምፅ ወሰነ። ከ160 በላይ ከነበሩት ተሰብሳቢዎች መካከል መስማት የተሳነው አንድ ብቻ ነበር። ቤልም የንግግር ትምህርትን አጥብቀው ከሚደግፉት አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ በሚገኙ ብዙ ትምህርት ቤቶች ልጆች በእጃቸው እንዳይነጋገሩ ተከለከሉ። ስለሆነም የድምፅ መሣሪያ ወደ ክፍል የገባው በገለልተኛ ስፍራ ላይ አልነበረም። ምልክት ቋንቋ በተባረረበት ቦታ ተተክቶ ቋንቋን ከነሙሉ ሸክሙ እንዲሸከም ተጠበቀበት።

የክፍሉን ጠባይ በሳይንስ መንገድ የመረመረው ሰው ግን ከዚህ ክርክር ውጭ የነበረ ነው። በ1895 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ባሠራው በፎግ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አዳራሽ ውስጥ የመምህሩን ንግግር መረዳት አልተቻለም። የተነገረ ቃል ለ5 ሰኮንድ ተኩል ያህል ሳይጠፋ በአየር ላይ ይዞር ነበር። ነገሩን እንዲያቃና የታዘዘው የ27 ዓመቱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሴባይን፣ የኦርጋን ቧንቧና የጊዜ መለኪያ ይዞ፣ ከአንድ የቲያትር አዳራሽ የተዋሰውን የመቀመጫ ትራስ እየደረደረ በጸጥታ ሌሊት ለካ። ከዚህ ልፋት የተገኘው ቀመር እስከ ዛሬ ያገለግላል። ድምፅ በክፍሉ ውስጥ የሚዘገይበት ጊዜ በሰኮንድ፣ የክፍሉ ይዘት በሜትር ኩብ በ0.161 ተባዝቶ ለጠቅላላው ድምፅ የመምጠጥ አቅም ሲካፈል ይገኛል። ቀመሩ ለሙዚቃ አዳራሾች ወዲያውኑ ሥራ ላይ ሲውል፣ የመስማት ችግር ላለባቸው ልጆች መማሪያ ክፍል ግን ተገቢውን ትኩረት እስኪያገኝ ብዙ አሥርተ ዓመታት አለፉ።

ሽቦ፣ ቫልቭና የጆሮ ማዳመጫ

ድምፅን በብቃት ለማጉላት የተቻለው ሊ ዴ ፎረስት በ1906 ባለ ሦስት ዘንግ ቫልቭ ከፈለሰፈና ሌሎች መሐንዲሶችም ካሻሻሉት በኋላ ነው። በ1920ዎቹ በዚሁ ቫልቭ የሚሠራ የመስማት መለኪያ ወጣ። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሸክላ ማጫወቻ ላይ የተቀዳ የቁጥር ንባብ ድምፁ እያነሰ ሲሄድ፣ የጆሮ ማዳመጫ ያደረጉ ልጆች የሰሙትን ቁጥር በወረቀት ላይ እንዲጽፉ በማድረግ አያሌ ልጆችን በአንድ ጊዜ መመርመር ተቻለ። ሰነፍ ወይም ደካማ ተብለው የነበሩ ልጆች ችግራቸው ከጆሮ መሆኑ በዚህ ዓይነት መንገድ ይታወቅ ጀመር።

ምርመራው አንድ ሌላ ቁም ነገርም አረጋገጠ፤ መስማት የተሳናቸው ከሚባሉት ልጆች ብዙዎቹ ጥቂትም ቢሆን የቀረ የመስማት ኃይል አላቸው። በ1914 በሴንት ሉዊስ ከተማ ማክስ ጎልድስታይን ያቋቋመው የማዕከላዊ ተቋምና፣ አይሪን ጎልድሳክ ከ1919 ጀምሮ፣ በኋላም ከባለቤቷ ከአሌክሳንደር ዩዊንግ ጋር በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ያካሄዱት ሥራ ይህን የቀረ ኃይል በልምምድ ለማዳበር የታቀደ ነበር።

ለዚህም የዋለው መሣሪያ የቡድን ማዳመጫ ይባላል። በመምህሩ ፊት ማይክሮፎን ይቆማል፤ በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ማጉያ ድምፁን በሽቦ ወደየልጁ መቀመጫ ይልካል፤ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ላይ ማዳመጫ አድርጎ የድምፁን መጠን በመዘውር ያስተካክላል። ይህ መሣሪያ ከባድና ውድ ቢሆንም ትልቅ ጥበብ ነበረበት። ማይክሮፎኑ ከልጁ ርቆ ከመምህሩ አፍ ቀርቧልና። ማይክሮፎን ከአፍ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆንና ልጁ በ6 ሜትር ቢቀመጥ፣ የርቀቱ ልዩነት 40 እጥፍ ነው። ይህም በገላጣ ስፍራ ስሌት 32 ዴሲቤል ይሆናል። በልጁ ጆሮ ላይ ያለ ማጉያ ድምፅን በ32 ዴሲቤል ቢያጎላ ጫጫታውንም በዚያው ልክ ያጎላዋል። ማይክሮፎን በማስጠጋት የተገኘው ትርፍ ግን የቃሉ ብቻ ነው።

ጉድለቱም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነበር። ልጁ በሽቦ ከወንበሩ ጋር ታስሮ ይውላል። ወደ ሰሌዳ ሲጠራ ማዳመጫውን አውልቆ ሲነሣ ወደ ጸጥታ ይመለሳል። የጓደኞቹ ጥያቄና መልስም በመምህሩ ማይክሮፎን ስለማይገባ ለእርሱ እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

ሽቦው ሲቀር

ከዚህ እስር የመጀመሪያው መፈቻ የማግኔት ቀለበት ነው። በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው መሐንዲስ ጆሴፍ ፖሊያኮፍ በ1937 ያስመዘገበው ይህ ዘዴ፣ በክፍሉ ዙሪያ በተዘረጋ ሽቦ ውስጥ ከማጉያው የሚወጣውን የድምፅ ሞገድ በኤሌክትሪክ መልክ ያሳልፋል። በዚህ ጊዜ የሚፈጠረውን የማግኔት መስክ በመስሚያ መርጃው ውስጥ ያለች ትንሽ ጥቅልል ሽቦ ተቀብላ ወደ ድምፅ እንዲለወጥ ታደርጋለች። በ1947 በቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር ተፈልስፎ ከ1952 መጨረሻ ጀምሮ በመስሚያ መርጃ ውስጥ ሲገባ፣ በኪስ ይያዝ የነበረው ዕቃ እያነሰ ሄዶ ጆሮ ላይ ለመንጠልጠል በቃ። ጥቅልሏ ሽቦም ከልጁ ጋር አብራ መሄድ ቻለች።

ቀለበቱ ልጁን ከወንበሩ ፈታው፤ ሌላ ችግር ግን አመጣ። የማግኔት መስክ በግድግዳ አይገደብምና፣ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ክፍሎች ቀለበት ሲዘረጋ በአንዱ ክፍል ሒሳብ የሚማር ልጅ የጎረቤቱን ክፍል የታሪክ ትምህርት ይሰማ ጀመር። ልጁ ለመጻፍ ባቀረቀረ ጊዜ ጥቅልሏ ከመስኩ አቅጣጫ ስለምትዛነፍ ድምፁ ይደክማል። በወለሉ ውስጥ ያለው የብረት ፌሮም መስኩን ያዳክመዋል።

ስለዚህ ፊት ወደ ሬዲዮ ዞረ። ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1933 ፓተንት ያገኘበት የኤፍ ኤም ዘዴ፣ ከመብረቅና ከሞተር የሚመጣውን ኳኳታ በእጅጉ የሚቀንስ በመሆኑ ለዚህ ተግባር ተመራጭ ሆነ። በአሜሪካ በ1970ዎቹ ከ72 እስከ 76 ሜጋኸርትዝ ያለው የሞገድ ክልል ለዚሁ አገልግሎት በመዋሉ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን መስመር ሊይዝ ቻለ። መምህሩ ትንሽ ማሰራጫ በአንገቱ ያንጠለጥላል፤ ልጁ መቀበያውን በደረቱ፣ በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ በጆሮው ላይ ያደርጋል። በ1975 በዚያው አገር የወጣው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት ሕግ ብዙ ልጆችን ከልዩ ትምህርት ቤት ወደ መደበኛ ክፍል ስላመጣቸው መሣሪያው ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። ከ2013 ጀምሮ በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠሩ ዲጂታል መሣሪያዎች በገበያ ላይ ውለዋል። እነዚህ በክፍሉ ያለውን ጫጫታ እየለኩ የመምህሩን ድምፅ መጠን በራሳቸው የሚያስተካክሉ ናቸው።

ሳያውቁ የሚጎዱት

እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ትኩረቱ ሁሉ የመስማት ጉዳታቸው በታወቀ ልጆች ላይ ነበር። በ1977 በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት በአንድ የገጠር የልዩ ትምህርት ወረዳ የተጀመረ ጥናት ግን ሌላ በር ከፈተ። በመደበኛ ክፍል ተቀምጠው በትምህርት ወደኋላ ከቀሩት መካከል ብዙዎች ጥቂት የመስማት ጉድለት ያለባቸው ሆነው ተገኙ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እንደሚባለው፣ እነዚህ ልጆች ያመለጣቸውን ነገር ስላልሰሙ ማምለጡንም አያውቁም ነበር። መምህሩም እንቢተኞች ወይም ሐሳበ ብትኖች አድርጎ ይገምታቸዋል።

ጥናቱ ለእነዚህ ልጆች የመረጠው መፍትሔ ቀላል ነበር። መምህሩ ማይክሮፎን ያደርጋል፤ ድምፁ በክፍሉ ውስጥ በተሰቀሉ ላውድስፒከሮች ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ልጆቹን ከክፍል አውጥቶ ለብቻ በማስተማር ከሚገኘው ጋር የሚወዳደር ውጤት በአነስተኛ ወጪ ተገኘ። ማንም ልጅ በተለየ ዕቃ ከጓደኞቹ ስላልተለየም የመገለል ስሜት አልነበረም።

ይሁን እንጂ ይህም ዘዴ ልክ አለው። ጉዳቱ የጸና ልጅ በላውድስፒከር ብቻ አይረዳም። ግድግዳው ድምፅን በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥም ላውድስፒከሩ የገደል ማሚቶውን አብሮ ያጎላዋል። ሴባይን ከመቶ ዓመት በፊት የተናገረው እውነት በዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ኮርኒስ ይቅደም

በ2002 የወጣው የአሜሪካ የመማሪያ ክፍል የድምፅ ደረጃ፣ ይዘታቸው እስከ 283 ሜትር ኩብ ለሆኑ ክፍሎች፣ ተማሪ በሌለበት ጊዜ የድምፅ መዘግየት ከ0.6 ሰኮንድ፣ የጫጫታውም መጠን ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በስሌት ማየት ይቻላል።

ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 7፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ባዶ ክፍል ይታሰብ። ይዘቱ 168 ሜትር ኩብ፣ የገጾቹ ጠቅላላ ስፋት 202 ካሬ ሜትር ነው። ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ጣሪያውም ደረቅ ሆኖ አማካይ የመምጠጥ መጠኑ 0.05 ቢሆን፣ ጠቅላላ የመምጠጥ አቅሙ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። የመዘግየቱ ጊዜም ወደ 2.7 ሰኮንድ ይደርሳል። ለዚሁ ክፍል 56 ካሬ ሜትር የሆነ፣ 0.7 የመምጠጥ መጠን ያለው ኮርኒስ ቢገጠምለት፣ ጠቅላላው አቅም ወደ 46 ከፍ ብሎ ጊዜው 0.58 ሰኮንድ ይሆናል። ባትሪ የማይጠይቅ፣ ሞገድ የማያስፈልገው፣ ማንም ማብራቱን የማይረሳው አንድ የግንባታ ሥራ ክፍሉን ከደረጃው ውስጥ አገባው ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ለሚሠራ መሐንዲስ ይህ ስሌት ሩቅ አይደለም። ያለ ኮርኒስ የተመታ ቆርቆሮ ጣሪያ ዝናብ በጣለ ቁጥር የመምህሩን ድምፅ ፈጽሞ ይውጠዋል። በዚያ ሰዓት ጤናማ ጆሮ ያላቸውም ልጆች ጉዳቱን ይጋራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ዘገባ መሠረት ሕክምና ወይም እርዳታ የሚያሻው የመስማት ጉድለት ያለባቸው ሰዎች ከ430 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም 80 በመቶ ያህሉ የሚኖሩት አነስተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የመሣሪያ ግዢ ከመታሰቡ በፊት በግንባታ ንድፉ ላይ ጣሪያው፣ ልስኑና የመስኮቱ አቅጣጫ ሲታሰብ፣ ትርፉ ለመላው ክፍል ይሆናል።

መሣሪያና ቋንቋ

የታሪኩ መጨረሻ ሁለት ነገሮችን ያስተምራል። የመጀመሪያው፣ መሣሪያ ሲገዛ የሚበረክት፣ ሲጠበቅ ደግሞ የሚሠራ መሆኑ ነው። በ1966 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት በትምህርት ቤት ልጆች ጆሮ ላይ ከተገኙት መርጃዎች ግማሽ ያህሉ በአግባቡ እንደማይሠሩ አሳይቶ ነበር። ባትሪ ያለቀበት መርጃ ከጆሮ ውስጥ ካለ ቡሽ አይሻልም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መሣሪያውን የሚፈትሽ ሰው፣ የተጠባባቂ ባትሪ ማስቀመጫ፣ ለተማሪዎች ጥያቄና መልስ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ሁለተኛ ማይክሮፎን የዕቅዱ አካላት እንጂ ተጨማሪ ጌጦች አይደሉም። ከክፍል ሲወጣ ማሰራጫውን ማጥፋት የሚረሳ መምህርም የአስተዳደር ጭውውቱን በልጁ ጆሮ ውስጥ እንደሚያሰማ ማወቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ነው። ማጉያ የሚያገለግለው የሚጎላለት የመስማት ኃይል ለቀረለት ልጅ ነው። ይህ ኃይል ፈጽሞ ለሌለው፣ ወይም ቃልን ለመለየት ለማይበቃው ልጅ፣ ማዳመጫ አድርጎ ለዓመታት መቀመጥ ቋንቋን አልሰጠውም። ከሚላኖ ጉባኤ በኋላ ምልክት ቋንቋ የተከለከሉ ብዙ ልጆች የሚነገረውን ሳይሰሙ፣ የሚያዩትንም ቋንቋ ተነፍገው የልጅነት ዘመናቸውን ፈጸሙ። ከ130 ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ የተሰበሰበው ተመሳሳይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የሚላኖን ውሳኔዎች ውድቅ አድርጎ ላስከተሉት ጉዳት ጸጸቱን ገለጸ። በኢትዮጵያም የምልክት ቋንቋ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በተከፈቱ ትምህርት ቤቶች እያደገ መጥቶ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል።

መሐንዲስ ለዚህ ክርክር ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም። የሥራውን ወሰን ማወቅ ግን ግዴታው ነው። ማይክሮፎን ርቀትን ያጠፋል፣ ኮርኒስ የገደል ማሚቶን ይመጣል፣ ሬዲዮ ሽቦን ያስቀራል፤ ቋንቋን ግን ከእነዚህ አንዱም አይፈጥርም። ቋንቋ የሚሰጠው ሰው ነው፤ በአፍም ይሁን በእጅ። ለልጁ የሚበጀው መንገድ የትኛው እንደሆነ በጊዜ ተመርምሮ ሲታወቅና ቃል መድረሱ በልጁ መልስ ሲረጋገጥ፣ ያን ጊዜ መሣሪያው ተግባሩን ፈጸመ ይባላል። የመሣሪያው ኃይል በዴሲቤል ይለካል፤ ጥቅሙ ግን ልጁ በተረዳው ነገር ነው።